ከውጭ አገር ከመጣ የትዳር ጓደኛ ጋር ቤት ስለ መግዛት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ከተማ ያገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ትልቁን ሐይቅ የማያውቅ ነጋዴ በወሎ ምድር ይኖራል ለማለት ያዳግታል፤ ከእርሱ ወዲያ በተራሮች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠውን አርዲቦ ሐይቅን ግን ወጥቶ ያየው ጥቂት ሰው ነው። ስለ አርዲቦ ውበት ለመጻፍ ቢነሡ ቦታ አይበቃም፤ የዚህም የንግድ ጋዜጣ ተግባር አይደለም። ሆኖም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብኩት ጉዳይ የጀመረው ከዚያው ሐይቅ ዳር ስለ ሆነ ከዚያው እነሣለሁ።

በሐይቅ ከተማ ቅመማ ቅመምና ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ባልና ሚስት አሉ። ወይዘሮዋ የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ባለቤታቸው ግን የመን ተወልደው ያደጉ፣ በአገራቸው ጦርነት በተነሣበት በ2007 ዓ.ም. ባሕሩን ተሻግረው የመጡ ሰው ናቸው። ሁለቱ በኒካሕ ከተጋቡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ ገና አልወለዱም። ዕቃ በዱቤ የሚወስዱት እኔ በጸሓፊነት ከማገለግላቸው ነጋዴ ዘንድ ሲሆን፣ ዕዳቸውን በቀጠሮው ቀን ከሚከፍሉት ደንበኞች መካከል ናቸው። ስለዚህ ቤት ሊገዙ ባሰቡ ጊዜ ምክር የጠየቁት አሠሪዬን ነበር፤ ወረቀቱን እንዲጽፍ የታዘዘውም ይህ ጸሓፊ ነው። ከዚህ በታች የምተርከውም ከዚያ የወረቀት ሥራ ያገኘሁትን ነው፤ በትዳሩ፣ በዘመዱ ወይም በደንበኛው ዘንድ ከውጭ አገር የመጣ ባል ወይም ሚስት ያለው ነጋዴ ጥቂት አይደለምና።

በመጀመሪያ የታያቸው ቤት አልነበረም፤ መሬት ነበር። አንድ ደላላ ወደ አርዲቦ ወስዶ ውሃው ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን አንድ ተረተር አሳያቸው። የቦታው ባለይዞታ አንድ ገበሬ ናቸው። ዋጋው ተነጋገረ፤ ውሉም «ስጦታ» በሚል ስም እንዲጻፍ ደላላው መከረ። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው አሠሪዬ የሰሙት። ሰምተውም፣

«ልጆቼ፣ ያንን መሬት እኔም ብሆን መግዛት አልችልም፤ ይልቅ ቀብዳችሁን አስመልሱ» አሏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሽያጭ የለውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ገበሬው በይዞታው ያርስበታል፣ በሕጉ ልክ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ የመሸጥ መብት ግን የለውም። ስለዚህ «ስጦታ» ተብሎ የተጻፈው ወረቀት ለየመኑ ተወላጅ ቀርቶ ለሐይቅ ተወላጅዋም ለወይዘሮዋ ምንም መብት አያስገኝም። በሐይቅ ዳር እየተሽሎከለኩ ቦታ የሚያሻሽጡ ደላሎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ገዢው ክስ ለማቅረብ እንደማይደፍር ማወቃቸው ነው የሚያደፋፍራቸው። ደግነቱ ገበሬው እግዜርን የሚፈሩ ሰው ኖረው ግማሹን ቀብድ በማግሥቱ መለሱ፤ በቀረው በሬ ገዝተውበት ስለ ነበር እስከ አዝመራ ጊዜ እንዲታገሡአቸው ለምነው፣ በአዝመራው ከፍለው ጨረሱ። ደላላው ግን የድለላውን ገንዘብ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ከዚህ በኋላ የተገኘው በከተማው ውስጥ ያለ፣ ካርታ ያለው፣ የቆየ የጭቃ ቤት ነው። ባለቤቱ ወደ አዲስ አበባ ስለ ሄዱ ለመሸጥ ፈልገዋል፤ ሰነዱ ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ይመጣጠናል። ከገንዘቡ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ያዋጡት ባልየው ሲሆኑ፣ ከዘመዶቻቸው የተላከላቸውም ይገኝበታል። የቀረውን ወይዘሮዋ ከሱቁ ትርፍና ከወርቃቸው ሽያጭ አወጡ። እዚህ ላይ ነው አስቸጋሪው ጥያቄ የመጣው፤ ቤቱ በማን ስም ይሁን?

በሁለቱም ስም ማለት ቀላል መልስ ይመስላል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ390ኛው እስከ 393ኛው ባሉት ቁጥሮች፣ የውጭ አገር ሰው በመንግሥት ካልተፈቀደለት በቀር በኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ይደነግጋል። ሳያውቅ በቅን ልቡና ባለቤት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል፤ ባያስተላልፍ ንብረቱ ተይዞ ይሸጣል። ይህ ሕግ የባልንና የሚስትን ጉዳይ ለይቶ አላወጣም። አልጋ አንድ ነው፤ ማዕድ አንድ ነው፤ ካርታው ግን የሚያውቀው ኢትዮጵያዊውን ብቻ ነው።

በእርግጥ ከጊዜ ወዲህ በሩ በጥቂቱ ተከፍቷል። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ የውጭ አገር ሰው የመኖሪያ ቤት ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል። ሆኖም ዝቅተኛው የገንዘብ ልክ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ በአዲስ አበባ ጥሩ ቤት ይገዛ ይሆናል። በሐይቅ ከተማ ግን ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው አንድ የጭቃ ቤት ሳይሆን መንደሩን በሙሉ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አዋጁ ለትልቅ ባለሀብት የተሰፋ ልብስ ነው፤ ለእነዚህ ባልና ሚስት ልካቸው አይደለም።

የሱቁም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የችርቻሮ ንግድ ለብዙ ዘመን ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተከለለ ስለ ነበረ የንግድ ፈቃዱ የወጣው በወይዘሮዋ ስም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የወጪና የገቢ ንግድን፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድንም ለውጭ ባለሀብቶች በተወሰነ ሁኔታ ከፍቷል፤ ሁኔታው ግን አሁንም ትልቁን ድርጅት የሚመለከት ነው። እንግዲህ ባልየው ሌሊት ተነሥተው ዕቃ የሚያወርዱበት ሱቅ በሚስታቸው ስም፣ ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ቤትም በሚስታቸው ስም ሊሆን ነው። ሰውዬው ምንም አልተናገሩም። ወንድማቸው ግን ከአዲስ አበባ ድረስ መጡ።

ወንድምየውን ለመውቀስ አይቻልም። ያቀረቡትም ሐሳብ በገበያችን የተለመደ ነው። ቤቱ በወይዘሮዋ ስም ይገዛ፤ ወይዘሮዋ ደግሞ ከባላቸው ይህን ያህል ብር እንደ ተበደሩ በሌላ ወረቀት ይፈርሙ፤ ወረቀቱም በወንድምየው እጅ ይቀመጥ አሉ። ወይዘሮዋ ትንሽ ዝም አሉና፣

«ባሌ ባለዕዳ ካደረገኝ ከዛሬ ጀምሮ ምኑ ነኝ?» ብለው ጠየቁ።

ቢሆንም ለሰላም ሲሉ ፈረሙ። ያንን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት፤ በአራት ማዕዘን የተዘጋ፣ የማይፈርስ ሰነድ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አሠሪዬ ግን ጥንቁቅ ሰው ናቸውና ሁሉንም ወረቀት አስይዘው ወደ ደሴ፣ ወደ አንድ ጠበቃ ላኩኝ። ጠበቃው የብድሩን ወረቀት አንብበው ሳይጨርሱ በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በትዳር ውስጥ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር እንደማይጸና፣ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በግልጽ መደንገጉን አስረዱኝ። በሌላ አነጋገር ወረቀቱ ወይዘሮዋን ከማሳዘኑ በቀር ለባልየው ያስገኘው ጥቅም አልነበረም። ሃያ ዓመት ያህል ውል ስጽፍ የኖርኩ ሰው ይህን ባለማወቄ አፍሬ ተመለስኩ።

ጠበቃው ያስረዱኝ ሁለተኛ ነገር ግን አጽናንቶኛል። የቤተሰብ ሕጉ፣ በአማራ ክልልም የጸናው አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደ ሆነ ይገምታል። ስለዚህ ባልየው በካርታው ላይ ስማቸው ባይጻፍም በቤቱ ዋጋ ላይ ድርሻ የላቸውም ማለት አይደለም። ያም ሆኖ የጋራ ሀብት የሚባለው ጋብቻ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። የእነዚህ ባልና ሚስት ኒካሕ በሕግ የታወቀ ጋብቻ ነው፤ ሃይማኖታዊ ጋብቻን ሕጉ ይቀበላልና። ነገር ግን በክብር መዝገብ አላስመዘገቡትም ነበር። በእጃቸው የነበረው ማስረጃ የሠርጋቸው ፎቶግራፍና የሼኹ ምስክርነት ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወደ ቀበሌ ብቅ ብለው ቢሆን ኖሮ የወንድምየው ወረቀት ባላስፈለገ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጭንቀት አዲስ አይደለም። በደሴ አረብ ገንዳ የሚባለው ሠፈር፣ ከየመን መጥተው በየከተማችን ሱቅ የከፈቱ፣ ከአገሩም ሰው ተጋብተው የወለዱ ነጋዴዎች የነበሩበትን ዘመን በስሙ ያስታውሳል። በዚያን ጊዜ የሱቁ ቤት በኪራይ ሲሆን፣ መኖሪያ ከተገዛም በሚስት ወይም በልጅ ስም እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያጫውቱናል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻ ነበረ። በማን ስም የተመዘገበው ቤት የማን ነው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ ራስ ምታት ሆነ። ከየመኖቹም ብዙዎቹ በዚያን ዘመን ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ለሴቶች ደግሞ የቀድሞው ሕግ ይበልጥ ከባድ ነበር። በሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ያገባችውን የውጭ አገር ሴት በጋብቻዋ ብቻ ኢትዮጵያዊት ያደርጋታል። የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ግን በጋብቻው የባልዋን ዜግነት ያገኘች እንደ ሆነ የራስዋን ታጣ ነበር። ዜግነቷን ያጣች ሴት የአባትዋን ቤት ለመያዝ እንደ ባዕድ መቆጠርዋ አይቀርም። ዛሬ ይህ ቀርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው በማግባታቸው ዜግነታቸው እንደማይቀር ያረጋግጣል። የሐይቅዋ ወይዘሮ ካርታውን በስማቸው ለማውጣት የቻሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። አያታቸው በዚህ ዓይነት ትዳር ገብተው ቢሆን ኖሮ ይህን መብት ለማግኘታቸው ያጠራጥር ነበር።

የሌላውንም አገር ሁኔታ ለማመሳከር ያህል፣ በፊሊፒን ደሴቶች የሆነውን ጠበቃው አጫውተውኛል። የዚያ አገር ሕገ መንግሥት የውጭ አገር ሰው መሬት እንዳይዝ ይከለክላል። አንድ ጀርመናዊ በአገሩ የወረሰውን ሽጦ በፊሊፒናዊት ሚስቱ ስም መሬት ገዛ፣ ቤትም ሠራበት። ትዳሩ ሲፈርስ ቤቱ ቀርቶ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ተከራከረ። የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 በሰጠው ፍርድ፣ ክልከላውን እያወቀ ያደረገው ስለ ሆነ ገንዘቡም አይመለስለትም አለ። በታይላንድ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ያገባ ዜጋ መሬት ሲገዛ፣ ገንዘቡ የዜጋው የግል ሀብት ስለ መሆኑ ሁለቱ አብረው እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ። የእኛ ሕግ ከእነዚህ ይልቅ ለትዳር ያደላል ለማለት እደፍራለሁ፤ ይሁን እንጂ የጀርመናዊውን ታሪክ ለወንድምየው በነገርኳቸው ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ።

አንባቢ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ጉዳይ ሞት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ሳያደርግ የሞተን ሰው በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ልጅ ከሌለው አባትና እናቱ ይወርሱታል። የትዳር ጓደኛ በዚህ ተራ ውስጥ አልተጻፈም። ባል ወይም ሚስት የሚወስዱት ከጋራው ሀብት የራሳቸውን ድርሻ ነው እንጂ የሟቹን አይደለም። እንግዲህ ወይዘሮዋ ልጅ ሳይወልዱ ቢሞቱ፣ የየመኑ ተወላጅ ከአማቶቻቸው ጋር ቤት ሊካፈሉ ነው፤ ያውም በካርታው ላይ ስማቸው ሳይኖር። ልጅ ቢወለድ ነገሩ ይቀልላል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት፣ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ስለ ሆነ ቤቱን በስሙ ለመያዝ የሚከለክለው የለም። እስከዚያው ግን ኑዛዜ ማድረግ ይገባል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ተቀባይ ሲሆን ሁለት ይበቃሉ። ስለ ሞት ማውራት በቤታችን ነውር ስለሚመስለን ይህን የሚያደርግ ነጋዴ እጅግ ጥቂት ነው።

ከደሴ ከተመለስኩ በኋላ በአሠሪዬ ቤት ስብሰባ ተደረገ። የወይዘሮዋ አባት፣ ወንድምየው፣ ሁለቱ ባለትዳሮችና ሼኹ ተገኙ። የብድሩ ወረቀት በሁሉም ፊት ተቀደደ። ወይዘሮዋ ቁራጮቹን ለቅመው እሳት ላይ ጨመሩአቸው፤ ከዚያም ቡና ቀረበ። በሁለተኛው ቀን ጋብቻው በክብር መዝገብ ተመዘገበ። ቀጥሎም የእያንዳንዳቸው መዋጮ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ በባንክ የገባበት ሰነድ ተያይዞ፣ በመካከላቸው ስምምነት ተጻፈ። ቤቱ በወይዘሮዋ ስም እንደሚሆን፣ ትዳሩ ቢፈርስ ወይም አንዱ ቢሞት የባልየው ድርሻ በገንዘብ ተገምቶ እንደሚከፈላቸው ተገለጸ። ይህም ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ ጸደቀ። የወይዘሮዋ አባት ስምምነቱ ሲነበብ፣

«ይህ የፍቺ ወረቀት ነው ወይስ የቤት?» ብለው ቅር ተሰኝተው ነበር።

አሠሪዬም፣ «አባቴ፣ ሱቅ ሲከፈት ሚዛን የሚገዛው ሌባ ስላለ ብቻ አይደለም» ብለው አረጋጉአቸው።

የሽያጩም ውል እንዲሁ በጥንቃቄ ተደረገ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና፣ በ1723ኛው ቁጥር መሠረትም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። በመንደር ሽማግሌ ፊት ተፈርሞ በሣጥን የሚቀመጥ ውል ከዚህ አያድንም። የሻጭዋ ባለቤትም ከአዲስ አበባ መጥተው እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ምክንያቱም የጋራ የሆነን ቤት አንደኛው ብቻውን ሊሸጥ፣ ሊለውጥ ወይም በመያዣ ሊሰጥ አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዱቤ የሚሸጡ አስመጪዎችንና ጅምላ ነጋዴዎችን በቅርብ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ብዙዎቻችን ዱቤ ስንሰጥ የባለሱቁን የቤት ካርታ አይተን ልባችን ይረጋል። በካርታው ላይ ያለው ስም አንድ ስለ ሆነ የአንዱን ፊርማ እንቀበላለን። ነገር ግን ያልፈረመው ባል ወይም ሚስት በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። ያልፈረመው ሰው የውጭ አገር ተወላጅ ሲሆን «እርሱ ምን መብት አለው» ብሎ መተው የበለጠ ስሕተት ነው። በካርታው ላይ ስም ባይኖረውም የትዳር መብቱ አልቀረም። አሠሪዬ ከዚህ ጉዳይ በኋላ የቤት መያዣ ከሚያቀርብ ደንበኛ ሁሉ የጋብቻ ሁኔታውን የሚያሳይ ማስረጃና የሁለቱንም ፊርማ እንድቀበል አዘውኛል። አንዳንዱ ደንበኛ ተቀይሟል። አንድ የቆየ ደንበኛችንም ሚስቱን ጠርቶ ከማስፈረም ዱቤውን ትቶ ሄደ፤ ምክንያቱን ለመገመት አንቸገርም።

በውጭ አገር ኖረው የሌላ አገር ዜግነት የያዙ የወሎ ልጆች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ የውጭ ዜጋ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካወጣ፣ ከላይ የተጠቀሰው የ390ኛው ክልከላ አይመለከተውም። በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ባልዋ ወይም ሚስቱ ከዚህ ወገን የሆኑ ሰዎች በመጀመሪያ መታወቂያውን ያውጡ፤ የእኛዎቹ ባልና ሚስት ያዩትን መከራ ሁሉ ማየት አያስፈልጋቸውም።

ለየመኑ ተወላጅ የቀረው መንገድ ዜግነት ነው። በተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት ኢትዮጵያዊት ያገባ የውጭ አገር ሰው ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከሆነው፣ ማመልከቻውን ከማቅረቡም በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። በጋብቻ ያልመጣ ሰው አራት ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። እርሳቸው ጊዜውን ሁሉ አሟልተዋል፤ አማርኛውንም በወሎ ዘዬ ያሳምሩታል። ዜግነቱን ቢያገኙ ካርታው በሁለቱ ስም ሊወጣ፣ ፈቃዱም በስማቸው ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን የአገራችን ሕግ ሁለት ዜግነት አይቀበልም። ኢትዮጵያዊ ለመሆን የየመን ዜግነታቸውን መተው አለባቸው። በዚያ አገር ደግሞ እናታቸው በሕይወት አሉ፤ የአባታቸውም ቤት ጦርነቱ ያላፈረሰው እንደ ሆነ ገና አልተከፋፈለም። ወንድማቸው «ተው» ይሏቸዋል። ወይዘሮዋ ግን በዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ባላቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ፈልገዋል። አንድ ቀን በሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ምን እንዳሰቡ ብጠይቃቸው፣

«ወንድሜ፣ ቤቱን ለማግኘት ስል የእናቴን ቤት ልካድ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቱ ተገዝቶ፣ ጣሪያው ታድሶ፣ ባለፈው በጋ ገብተውበታል። እኔም አሠሪዬን ተከትዬ ለምርቃቱ ሄጄ ነበር። ከበረንዳው አርዲቦ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮና ከበላዩ ያለው ተራራ ነው። ሐይቁ ያለው ከተራራው ወዲያ እንደ ሆነ ባልየው በእጃቸው አመለከቱኝ። የዜግነቱን ማመልከቻ አዘጋጅቼ፣ የጋብቻውን ምስክር ወረቀትና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ቅጂ አያይዤ፣ በአሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጥኩት አራተኛ ወሩን ይዟል። የሚጎድለው ፊርማቸው ብቻ ነው።